ከነሐሱ የማይጠፉ ጣቶች

አባዬ፣ የሞተ ሰው ምክር ያላማረው ማን አለ? ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ፤ እኔ ግን ዛሬም ሥራ ሲጠምምብኝ «ቆይ፣ አባዬን ልጠይቅ» ብዬ ከወንበርህ እነሣለሁ።

እማዬ ደኅና ናት። የሥራ ክፍልህን ቁልፍ ለእኔ ሰጥታኛለች። ከተመረቅሁ ወዲህ ደባርቅ ላይ ማመልከቻ ያስገባሁበት ሁሉ «እንደውልልሃለን» እንዳለኝ ቀርቷል። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም፣ ታውቀኝ የለ! ለበየዳው ቤተ ክርስቲያን ጀምረኸው የቀረውን የነሐስ መስቀል ልጨርስልህ ተነሣሁ።

በስልኬ ያሳየሁህን የጥንት ጣልያኖች ቅርጽ ታስታውሳለህ? በመዳብ ቀርጸው በወረቀት ያተሙትን? የሐረግ ጌጡ የብራና መጽሐፎቻችንን ሐረግ መስሎህ መነጽርህን ጠርገህ ነበር ያየኸው። በሐረጉ መካከል አንዲት ሴት ትሮጣለች፤ ጣቶቿ ቅጠል እያወጡ ነው። የግሪኮች ተረት ነው፣ አንድ አምላክ ሲያሳድዳት ዛፍ ሆና አመለጠች ብልህ፣ «ሴት የሚያሳድድ አምላክ! እንኳንም ተረት ሆነ» ብለህ ሳቅህ። ቆይተህ ደግሞ «የቀራጩ እጅ ግን ይባረክ» አልክ።

ያንን ሐረግ ነው ባዶ በቀረው የመስቀሉ ክንድ ላይ የገለበጥኩት። ሴትዮዋን ትቼ ቅጠሉን ብቻ ወሰድኩ ብዬ ነበር። ለካ ቅጠል የመሰለኝ ጣቶቿ ኖረዋል። ካህናቱ ሊረከቡ ሲመጡ መሪጌታው መስቀሉን ወደ ብርሃን አዙረው፣ «ልጄ፣ ይህ እጅ የማን ነው?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ይህማ ታቦት ፊት አይቆምም፤ አጥፋውና ለንግሡ በዓል እንወስደዋለን» ብለው ሄዱ።

እማዬ «የእመቤታችን እጅ ነው ብትላቸው ምን ነበረበት?» ትለኛለች። በአንተ ወንበር ተቀምጬ እንዴት ልዋሽ?

ነሐሱ ስስ ነው፤ እኔ ደግሞ በጉጉት አጥልቄ ቀርጬዋለሁ። እስኪጠፋ ብሞርደው ይበሳል። በጀርባው ያለው የመጨረሻ ሥራህ፣ ገብርኤልህ ነው። ዓይኖቹ ልክ ከጣቶቿ ኋላ ናቸው። ሞረዱን አነሣለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በዓሉ ሳምንት ቀርቶታል።

አልረሳህም አባዬ፤ ነሐስ በነካሁ ቁጥር አስብሃለሁ። ግን ማሰብ ብቻ እጄን አላስተማረውም። እስቲ በሕልሜም ቢሆን ንገረኝ። ይህን በገጼ ላይ የምታነቡ ቀራጮችም፣ የፊቱን አጥፍቶ የጀርባውን ማዳን የሚችል ካለ፣ እባካችሁ መልሱልኝ።