እናቴ በሉኦ ስትናገር

ማክሰኞ፣ ጥር 3

ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀመረ። ክፍሉ ግማሽ ባዶ ነው። ከመጡት ውስጥ ሕንዶች ሦስት ብቻ። ሌሎቹን የደቡብ እስያ ዲያስፖራ ጥናት ለምን መረጣችሁ ብዬ ጠየቅኩ። አፒዮ የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሌላው ኮርስ ሞልቶ ነው አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም።

«ዶክተር» ሲሉኝ አሁንም ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ። የማስተማር ፌሎሺፑ የአንድ ዓመት ነው። ከወደዱኝ ሁለት ዓመት ይጨምሩልኛል። የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ገንዘቡን የሰጠው የናይሮቢ ሕንዶች ማኅበር ነው። ካልጨመሩልኝስ? በሠላሳ አራት ዓመቴ ምን ልሆን ነው?

ሐሙስ፣ ጥር 12

የማኅበሩ ሰብሳቢ ሃሪሽባይ ቢሮዬ መጡ። ሻይ አልፈልግም ብለው ሁለት ኩባያ ጠጡ።

በሰኔ በማኅበሩ አዳራሽ ንግግር አደርጋለሁ። ያንን ሰምተው ነው የሚወስኑት። በማመልከቻዬ ቃል የገባሁትን አልረሱም... የድሮ የጉጃራት ሴቶች የሰርግ ስድብ። የሙሽራው ወገን በር ላይ ሲደርስ የሙሽሪት ወገን ሴቶች ቦርጩንም አፍንጫውንም የእናቱን ስስትም እያነሱ የሚዘፍኑት። እናቴ፣ ጃሽቫንቲቤን፣ በዚህ የታወቀች ነበረች። በሃሪሽባይ ሰርግ ላይ «ሙሽራው ጥላ አላስፈለገውም፣ ጆሮው ይበቃዋል» ብላ ዘፍናባቸዋለች። ይኸው እስከ ዛሬ ያወሩታል። እያወሩ ጆሯቸውን ይነካሉ።

የስንቱን ሰው እናት ድምፅ ቀድቻለሁ። የራሴን እናት ግን አልቀዳሁም። ኪሱሙ አለች፣ የት ትሄዳለች እያልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 5

ማሲ ደወለች። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ አብራት ትኖራለች። የእናቴ መርሳት ብሶባታል። መቼ ነው የምትመጪው አለችኝ። ፈተና አርሜ ልምጣ አልኩ።

ኪሱሙ። ቅዳሜ፣ የካቲት 26

እናቴን በረንዳው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀንሳለች... በጣም። «ባ፣ እኔ ነኝ፣ ፋልጉኒ» አልኳት፤ በጉጃራቲ እማዬ እንደ ማለት ነው። አየችኝ። ከዚያ በሉኦ አናገረችኝ። ረጅም ነገር ነው፤ መጨረሻው ጥያቄ ይመስላል።

በሉኦ? ኪሱሙ ተወልጄ ማደጌ እውነት ነው፤ ቋንቋውን በድምፁ አውቀዋለሁ። ከሰላምታና ከዋጋ ያለፈ ግን አልችልም። እሷም የማትችል ነበር የሚመስለኝ። ገበያ ላይ የምትከራከረው በተሰባበረ ስዋሂሊ ነበር።

ማሲ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ትቀባጥራለች» አለች። ቆይታ ነገረችኝ። ድሮ ወላጆቻቸው ያላ የምትባል ከተማ ሱቅ ነበራቸው። እናታቸው ከባሏ ጋር ሱቅ ስለምትውል እናቴን ያሳደገቻት አዲያምቦ የምትባል ሞግዚት ናት። ለትምህርት ስትደርስ ናይሮቢ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳት። እዚያ የሉኦ ቃል ከአፏ ከወጣ መዳፏን በማስመሪያ ይመቷት ነበር። ማሲ ራሷ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ስንኖር አንድ ቃል አልሰማሁባትም። አሁን ሌላው ሁሉ ጠፋና ይሄ ቀረ።»

እሑድ፣ የካቲት 27

የሰርግ ዘፈኑን ሞከርኩ። እኔ ስጀምርላት ትቀበለኛለች ብዬ ነበር። እንደ እንግዳ በጨዋነት አዳመጠችኝ። ስጨርስ ራሷን ነቀነቀች። አንድም ቃል አላወቀችውም።

ማሲ ሩዝና ምስር አላቁጣ አመጣችላት። ገፋችው። እህል አፏ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ጉሮሮዋ እንዳይደርቅ ወተት ብቻ ነው የምትቀምሰው አለች ማሲ። እናቴ ሳህኑን እያየች አንድ ነገር ደጋግማ አለች። ስላልገባኝ ቀዳሁት።

ናይሮቢ። ዓርብ፣ መጋቢት 2

አፒዮ ሉኦ ናትና ቢሮ ጠርቼ ቅጂውን አሰማኋት። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥላ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አነሳች።

«ማን ናቸው?»

«እናቴ።»

የሚያወሩት እንደ አያቴ ነው አለች። የከተማ ልጆች የማይችሉት ሉኦ ነው። ምን ትላለች አልኳት። ጠረጴዛውን ማየት ጀመረች።

«ራበኝ ነው የሚሉት። ‹ማማ፣ ዓሣ ስጪኝ። ለእናቴ አትንገሪያት፣ አፌን እታጠባለሁ።›»

ዓሣ! ሥጋም ዓሣም በማይቀመስበት፣ በጾም ቀን ሽንኩርት እንኳ በማይገባበት ቤት። ዕንቁላል አለው ተብሎ የልደት ኬኬ ለጎረቤት በተሰጠበት ቤት።

ለካ አዲያምቦ ከራሷ ድስት ታበላት ኖሯል።

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ለማሲ ደውዬ ነገርኳት። 

«ይቺን ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለች። «የቀራት ትንሽ ነው። ንጹሕ ሆና ትሂድ።»

«ተርባ?»

«ንጹሕ ሆና አልኩሽ እኮ።»

ዘጋችው። ማሲ ክፉ ሰው አይደለችም። በሌሊት እየተነሳች ከንፈሯን በወተት የምታርስላት እሷ ናት። እኔ ናይሮቢ ነኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 28

አፒዮ ሉኦ እያስተማረችኝ ነው። በምሳ ሰዓት፣ ቢሮዬ ውስጥ። ና፣ ተቀመጥ፣ ውሃ፣ ዓሣ፣ የማን ልጅ ነህ። ዛሬ «ዶክተር፣ እንደዚያ ከጠሩት ዓሣው ተመልሶ ሐይቅ ይገባል» አለችኝ። ከክፍሉ ሁሉ የሰነፍኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 14

ዝናብ። ሐኪሙ እናቴን ቤት ድረስ መጥቶ አይቷታል። የምትፈልገውን ስጧት ብሎ ሄደ። ማሲ ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰብሯል። ግን አልሰጠቻትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 4

ሃሪሽባይ ጋ ሄድኩ። ዘፈኑ የለም አልኳቸው። ያለኝ ይሄ ነው ብዬ ቅጂውን አሰማኋቸው። በሰኔ ስለዚህ ልናገር... በሞግዚቶቻቸው ቋንቋ አፍ ስለፈቱት ልጆቻችን። እኔ ከማስተምረው ሁሉ ይሄ እውነቱ አይደለም?

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እሳቸውንም ናኩሩ ያሳደገቻቸው የኪኩዩ ሴት እንደሆነች ነገሩኝ። ስሟን ጠሩት፤ ለረጅም ጊዜ አፋቸው ላይ ያልዋለ ስም እንደሆነ ያስታውቃል።

«ግን ልጄ፣ ጃሽቫንቲቤን ዓሣ ስትለምን አዳራሽ ሙሉ ሰው ይስማት? እሷ በዕድሜዋ ልትዋረድ፣ አንቺም ሳታገቢ ልትቀሪ?»

ሳላገባ ከቀረሁ ቆይቷል አልኳቸው። ሳቁ፣ ወዲያው ተዉት።

«የሌላ ሰው እናት ዘፈን ፈልጊ። እስከ ሰኔ እዚሁ ሆነሽ አዘጋጂው። ሁለቱ ዓመት ያንቺ ነው።»

ላስብበት አልኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6

እናቴ እስከ ሰኔ አትቆይልኝም።

ሰኞ፣ ግንቦት 15

የመጨረሻውን ፈተና አርሜ ውጤት አስገባሁ። ንግግሩን እንደማላደርግ ለሃሪሽባይ በስልክ ነገርኳቸው። እናትሽን ሰላም በይልኝ አሉ። በየትኛው ቋንቋ? አልጠየቅኳቸውም።

አፒዮ መጻሕፍቱን በካርቶን ስከት አገዘችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ኮርሱን ማን ያስተምራል አለች። አላውቅም።

ኪሱሙ። ረቡዕ፣ ግንቦት 17

ሐይቁ ዳር ዓሣ ተራ ሄድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አፍንጫዬን ይዤ ያለፍኩበት ቦታ። በተማርኩት ሉኦ ጠየቅኩ። ሻጯ ለጎረቤቷ አንድ ነገር ብላ ሁለቱም ተሳሳቁ። ከዚያ በስዋሂሊ፣ «እህቴ፣ ለድመት ነው?» አለችኝ። ለእናቴ አልኳት። እንደገና አየችኝና ትልቁን መረጠችልኝ። እንዴት እንደሚሠራም ነገረችኝ፤ ቲማቲም፣ ጨው፣ ሌላ ምንም።

ማሲ በር ላይ ነበረች። ጋዜጣ የተጠቀለለውን አየች። ሽታው ቀድሞኝ ደርሷል። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ቆምኩ። ጓዳ ገብታ አሮጌውን የከሰል ምድጃ እየጎተተች አወጣችና ግቢው ጥግ አስቀመጠችው።

«ድስቱ ኩሽና እንዳይገባ። ሳህኑም።»

የሳሪዋን ጫፍ ተከናንባ ቤተ መቅደስ ሄደች። እስኪመሽ አልተመለሰችም።

እናቴ በላች። እሾሁን አንድ በአንድ እየለየች። ይሄን ጣቶቿ አልረሱትም።

እሑድ፣ ሰኔ 12

ሲነጋ እኔ ሐይቅ ዳር፣ ማሲ ቤተ መቅደስ። ስንመለስ በር ላይ እንገናኛለን። ዛሬ የእኔን ዘንቢል ሳትነካ በሩን ከፈተችልኝ።

ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ይላል። ዓሣው አያድናትም። አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 18

ዛሬ በማኅበሩ አዳራሽ ንግግሩ ነበር። አንድ ከለንደን የመጣ ሰው ስለ ንግድ ታሪክ ተናገረ አሉ። አፒዮ መልእክት ላከችልኝ፤ «ዶክተር፣ ወንበሩ ጥሩ ነበር፣ ሳምቡሳውም።»

ከሰዓት ለእናቴ ዓሣውን አቀረብኩላትና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አሁን አሁን አጫጭሩ ይገባኛል። ፊቴን ስታይ ቆየች።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የመጀመሪያው ሳምንት «ያንቺ» ብያት ነበር። ፈርታ አለቀሰች። ልጅ ናት እኮ፤ ከየት አምጥታ ትወልደኛለች?

«የአዲያምቦ» አልኳት።

ፊቷ በራ። እህቴ አለችኝ፤ «ኛሜራ»። አዲያምቦ የት ሄደች አለችኝ። ውሃ ልትቀዳ አልኳት። አብረን እንጠብቃታለን አለችኝ፤ እንጠብቃት አልኳት። እንዲህ ጎን ለጎን ቆየን። ግቢው ጸጥ ብሏል። ሠላሳ አራት ዓመት የእሷ ልጅ ነበርኩ። ያንን የሚያውቅ ሰው አሁን እኔና ማሲ ብቻ ነን።

ከዓሣው ቆንጥራ እሾሁን ለየችው። ወደ አፌ አስጠጋችው። ወደ ሱቁ በኩል፣ ማለት ወደ ግድግዳው፣ ዞር ብላ አየች።

«ቶሎ ብዪ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እናቴ ሳትመጣ።»

አፌን ከፈትኩ።