የጓሮው ጎመን

ጥር 14፣ ጠዋት 12 ሰዓት

የውሃ ሞተሩ ዛሬም እምቢ አለ። ገመዱን ሦስቴ ጎትቼ በአራተኛው ተነሳ። ወንዙ ቡናማ ነው፣ አረፋ አለው። ከላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ ማታ ፍሳሹን ለቆታል ማለት ነው። ሰላጣውን ተውኩት፣ ጎመኑን ብቻ አጠጣሁ።

አስካለ መደቧ ላይ ናት። በመካከላችን አንድ ቦይ ብቻ ነው ያለው። ቀና አላለችም። ይኸው ዘጠኝ ቀን። እዚህ መካኒሳ ወንዝ ዳር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን አትክልት ያበቀልን፣ ምሳችንን ከአንድ ሳህን የበላን ሰዎች ነን። አሁን እንደምን አደርሽ ለማለት ምላሷ ተሳሰረ።

ጥር 15፣ ማታ

ደብተሬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ ላይ የምጽፈው የማዋየው ሰው ስላጣሁ ነው። አትቀየሚኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 5 ስብሰባ ነበር። የፋብሪካው ፍሳሽ ይቁም ብለን አመልክተን፣ ከአካባቢ ጥበቃ ጽ/ቤት ሰዎች መጡ። ፊርማውን ቤት ለቤት ዞረን ያሰባሰብነው እኔና አስካለ ነን። ከመጡት አንዱ፣ መነጽር ያደረገው፣ እናንተስ ይህን ጎመን ትበላላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ገበያ እንዳይቀርባቸው ሁሉም እንበላለን አሉ። እኔን ምን አቅለበለበኝ! አልበላም አልኩ። ለቤቴ የሚሆነውን ጓሮዬ ውስጥ በቧንቧ ውሃ አበቅላለሁ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ አልኩ። ፋብሪካው ይጠየቅልኛል ብዬ ነው እኮ።

አስካለ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየችኝም።

በሳምንቱ የሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ቸርቻሪዎች መምጣት አቆሙ። የጀሞዎቹም ተከተሉ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ጎመን እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ጊዜ። ገበሬው ሁሉ እኔን ሲያይ ይተፋል። እነሱስ ይትፉ። የአስካለ ግን አንጀቴን ቆረጠው።

ጥር 17፣ እሑድ

እሑድ ፋብሪካው ዝግ ስለሆነ ውሃው ይጠራል። እኛ ጋ የእሑድ ውሃ ይባላል፣ ሰው ስለ ተራው ይጣላበታል። እኔና አስካለ ግን ተጣልተን አናውቅም። የማን ተራ እንደሆነ እንኳ ረስተነው ነበር፣ ቦዩን ለሁለት ከፍለን እናጠጣለን።

ዛሬ በተራዋ መጣች፣ አጠጣች፣ ዘጋች። ዛፉ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ በላች። ምሳዬን ይዤ ቦዩ ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ።

ወሬዋ ናፈቀኝ። ሞተሬ ሲያስቸግረኝ ትመጣና፣ ይሄ ሞተር ካንቺ ይልቅ እኔን ይሰማል እያለች አንዴ ጎትታ ታስነሳው ነበር። ብሽቅ እል ነበር። አሁን በመጣችና ባበሸቀችኝ።

ጥር 23

የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ተካ ቤት ድረስ መጡ። የካቲት 2 ጽ/ቤቱ ቃሌን በጽሑፍ ሊቀበል ነው። እሳቸው የሚሉት፣ ተሳስቼ ነው ብለሽ ጻፊ፣ የጓሮሽን ጎመን ለጌጥ ነው በይ፣ ነጋዴው ይመለሳል። ፋብሪካውስ ስላቸው፣ ፋብሪካው ትናንትም ነበር ነገም አለ አሉ። ሊወጡ ሲሉ አስካለም ትመለስልሻለች ብለው ጣል አደረጉ። የት እንደሚያመኝ ያውቃሉ ሰውዬው።

ጥር 28

ጻፍኩት። ተሳስቼ ነው የሚለውን። አራት መስመር። ምንም አላፍርም። ለፋብሪካ ብዬ እህቴን ልጣ እንዴ? መጀመሪያ ለአስካለ ነው የማሳየው።

የካቲት 1፣ ማታ

አስካለ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ልጇ ሰናይት ጋ ናት አሉኝ። ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተች፣ የሰናይትን ሕፃን ታቅፋለች። ግቢ አላለችኝም። ኮሪደር ላይ ቆሜ ወረቀቱን አነበብኩላት። ነጋዴው ይመለሳል አልኳት፣ እንደ ድሮው እንሆናለን አልኳት።

ሰምታ ጨረሰች። ስለ ነጋዴ ምን አገባኝ አለች። አምና ጓሮሽ ያለው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅሽ ችግኝ ነው አላልሽኝም ወይ አለች። ብያለሁ። ስላፈርኩ ነው ያልኩት። አብረን የምንሸጠውን ለልጆቼ አላበላም ማለት ከብዶኝ ነው። እሷ ግን ሰናይት እርጉዝ እያለች በየሳምንቱ ከወንዙ ጎመን ለጋ ለጋውን ቅጠል እየመረጠች ታመላልስላት ነበር። ከወለደችም በኋላ። የጎመኑን እስር አብሬያት አስሬ አውቃለሁ። በእነዚህ እጆቼ።

"አንቺ ታውቂ ነበር" አለችኝ። በቃ። አልጮኸችም። ሕፃኑ ደህና ነው፣ ወፍሯል፣ ተመስገን። ግን አንዴ ሲያስለው ፊቷ አመድ ሆነ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በእግሬ ተመለስኩ። እኔ ሞኝ ለገበያው የተቆጣች መስሎኝ።

የካቲት 2፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አልተኛሁም። አራቱን መስመር ቀደድኩት።

ገበሬው ይረግመኛል። የጽ/ቤቱ ሰዎችም ከወንዙ ዳር ተነሱ ብለው መሬቱን ይቀሙን ይሆናል። ሃያ ዓመቴ እዚያ ነው ያለው፣ አስካለም እዚያ ናት። በዚህ አትመለስልኝም፣ አውቃለሁ። ግን ናፈቀችኝ። ናፍቆቷ ላይ ደግሞ ውሸት አልጨምርም።

3 ሰዓት ጽ/ቤት ነኝ። ስለ ፋብሪካው ሁሉንም እጽፋለሁ፣ ቀለሙን፣ ሰዓቱን፣ አረፋውን። ከሁሉ በፊት ግን በሙሉ ስሜ፣ እያወቅኩ ለአስካለ ሳልነግራት የቀረሁ እኔ ነኝ ብዬ እጀምራለሁ።