በግራ ጎኔ

ሰኞ

ትርንጎ ክንዴ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ለጥፋብኝ ወደ ጎንደር ተመለሰች። የደም ስኳር ትለካለች አለችኝ። ልጄ ነርስ ናት፣ ስኳር እንደሌለብኝ ራሷ ታውቃለች። አሁን ጤነኛ ሰውም ያደርገዋል አለች። ጤነኛ ሰው ያላመመውን ምን ብሎ ይለካል?

ስልክም ሰጥታኛለች። አጠገቤ ካለ ቁጥሩን እሷ ጎንደር ሆና ታያለች። ሚስቴ የሺ ከሞተች ወዲህ እኔ ዘንድ ካልመጡ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ቁጥሩ ከተበላሸ ወሰደችኝ ማለት ነው። ቤቷ ፎቅ ላይ ነው። የሺን እዚህ መተማ ቀብሬ ፎቅ አልወጣም።

ቁልፉን አልነቅለውም። ደህና መሆኔን ራሱ ይመስክር።

ማክሰኞ

ጠዋት የማሽላ እንጀራ በሽሮ። ማታ ትርንጎ ስትደውል ገንፎ በላሁ አልኋት። አልበሉም፣ ቁጥሩ አልተነሳም አለች። አፈርሁ። ለአንድ ሰው ገንፎ አይገነፋም፣ እሱን ግን አልነገርኋትም።

ረቡዕ

ተዋረድሁ።

ቀን ሙቀቱ ሲበረታ በር ዘግቼ የጠፍር አልጋዬ፣ አንገረቤ ላይ ጋደም አልሁ። ስልኩ ያላዝናል። ትራስ ስር ወተፍሁትና ተኛሁ።

በሩ ሲገነጠል ነቃሁ። ጎረቤቴ ሞላ ነው። ከሞላ ጋር አልነጋገርም። የሺ ስትቀበር ሰሊጡ ይረግፍብኛል ብሎ አብደራፊ እርሻው ላይ የቀረ ሰው ነው። ትርንጎ ቁጥሩ ወርዶ ብታይ፣ እኔም ስልክ ባላነሳ፣ ለሱ ደውላለታለች። ስኳር የበዛበት ከርከዴ ይዞ መጥቶ አፌ ላይ ገለበጠብኝ። ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ተኝቼ ነው ብለው አይሰማም።

"የየሺ ቀብር አመለጠኝ" አለ። "ያንተም እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።"

"ገና አልሞትሁም።"

"አየሁህ፣ እንደ አህያ ስትራገጥ።"

ኋላ ትርንጎን አገናኘኝ። "አባባ፣ በየትኛው ጎንዎ ነው የተኙት?" አለች። በግራ አልኋት። ቁልፉ ያለው ግራ ክንዴ ላይ ነው። ሲጫኑት በውሸት ይወርዳል፣ በቀኝዎ ይተኙ አለች። ግን አላመነችም። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ዳግመኛ ከወረደ ይዤዎት ነው የምሄደው ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ

በቀኝ ጎኔ ተኛሁ። ግድግዳ። እንቅልፍ የለም።

በግራዬ ስተኛ ፊቴ ወደ የሺ አንገረብ ነው። ባዶ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ወደዚያ ዞሬ ነው የምተኛው። ይሄን ለነርስ እንዴት ይነግሯል?

ሞላ መጥቶ በሩን ጠገነ። ምስማር ሲመታ ዋለ። ገበያ ወጥቼ ለትርንጎ ዶሮ ገዛሁ። ባዶ እጄን አልቀበላትም።

ዓርብ

መላ አገኘሁ። ትራሴን ወደ እግርጌ ወሰድሁት። ራስጌዬ እግርጌ ሆነ፣ እግርጌዬ ራስጌ። አሁን በቀኜ ስተኛ ፊቴ ወደ የሺ አንገረብ ሆነ። ቁልፉም ወደ ላይ ነው፣ የሚጫነው የለም። ቀን ተኛሁ፣ ስልኩ ዝም። ማታም እንደዚሁ እተኛለሁ።

ቅዳሜ

ስነቃ ሞላ የሺ አንገረብ ላይ ተቀምጦ ቁጥሬን ሊያይ ስልኬን ይጎረጉራል። እዚያ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ተነስ ልለው አፌን ከፈትሁ። ሌላ መቀመጫ የለኝም። ተውሁት።

ትርንጎ ደወለች። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ነው ያደረው፣ ስጋት የለብኝም፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነው፣ አልመጣም አለች። እዚያው ይሁኑ አለችኝ።

እሺ አልሁ። የፈለግሁት ይሄንኑ ነበር።

ዶሮዋ ከደጅ ታስራ ትጮሃለች። ሞላ ወደ ደጅ እያየ ለማን ነው የገዛሃት አለኝ። ወስደህ ሚስትህ ትሥራት፣ ማታ እመጣለሁ አልሁት። ትርንጎ ቁጥሩ ሲነሳ ታየዋለች። ከማን ጋር በሉ ብላ ትጠይቀኝ ይሆናል።