ጎመኔን ነቅለው አበባ ለተከሉት ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ሸጋው
የሰፈራችን የጽዳትና የውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? የደባርቅ ብርድ ጠናባችሁ ወይስ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን የምለው ግን በእርስዎ ጥረት ሳይሆን ከእርስዎ ጥረት ተርፈን መሆኑን በታላቅ አክብሮት ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

ስሜ ውቢት ገዱ ይባላል። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለ የቆርቆሮ አጥር ግቢ ውስጥ በኪራይ እኖራለሁ። ባለቤቴ ስሜነህ ዳባት አካባቢ ያስተምራል፤ ወደ ቤቱ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ አንዷ የመምህር ደመወዝ የእሱንም የእኛንም ቤት ኪራይ ትከፍላለች። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልን አይደለም። ማዘን ከኮሚቴው የሥራ ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ በሚገባ አውቃለሁ።

ቅሬታዎቼን እርስዎ እንደሚወዱት በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ጎመኑ አመጣጥ። ባለፈው ሰኔ የመጨረሻ ልጄን ሲሲን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያኔ አሥራ አንድ ወሯ ነበር። ሲስተር ስንዱ የሕፃናትን ክሳት በቀለም በሚለካው ጥብጣብ ክንዷን ጠምጥማ አየች። ጥብጣቡ ቢጫው ላይ ቆሟል።

«አትደንግጪ ውቢት» አለችኝ፤ «ግን ቀዩ ላይ ሳይደርስ እንቅደመው።»

«ምን ላብላት?» አልኳት።

«እንቁላል፣ ጎመን፣ ካሮት፤ ወተት ካገኘሽም ወተት። አጥሚቱን ደግሞ አወፍሪው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ ሥጋ አይሆንም።»

ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቴ የልጄን ክንድ በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የሄድኩት፤ ብርድ ስለነበረ ሳይሆን ሰው እንዳያይብኝ። እንዲህ ያለ መንገድ ሄደው ስለማያውቁ ርዝመቱን ልገልጽልዎ አልሞክርም።

ቤት ገብቼ ጓዳዬን ዘረገፍኩት። ልጆቼን የማጠግባቸው በዳቦና በሻይ፣ ሲያለቅሱም በብስኩት ነበር። ስኳሩንና ብስኩቱን መግዛት ተውኩ። ጎረቤቴ እማማ ሸጊቱ ገበያውን ከእኔ በተሻለ ያውቁታልና ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበሬው ወደ አገሩ ለመመለስ ሲጣደፍ፣ ገብስ፣ ባቄላና ሽምብራ በጋራ እንገዛ ጀመር። ቆልተን፣ ከክተን፣ አስፈጭተን የልጆቹን እህል አዘጋጀን። ሁለት ዶሮዎችም ገዛሁ። ከሚጥሉት እንቁላል የሲሲ ድርሻ በየቀኑ ነው፤ የሰባት ዓመቷ ምስክርና የአራት ዓመቱ ድረስ ግን በፈረቃ ነበሩ። ድረስ ከእንቅልፉ ሲነሳ «እንደምን አደርሽ» ከማለቱ በፊት «ዛሬ የኔ ቀን ነው?» ይለኝ ነበር። ቀኑ ካልሆነ ሳያለቅስ ቁጭ ብሎ እኅቱ ስትበላ ያያል። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የቀረን አትክልት ነበር። በአይሱዙ ከሩቅ መጥቶ፣ ጠውልጎ፣ ወርቅ የሚያህል ዋጋ የሚጠራበት ጎመን በየቀኑ ልገዛ አልችልም። ስለዚህ በአጥሬና በቦዩ መካከል ያለችውን አንድ እርምጃ የምትሰፋ መሬት አየኋት። እርስዎም ያውቋታል፤ ኮሚቴዎ ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ የውኃ ላስቲክና የሞተ ድመት ሲጣልባት የኖረች ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ጠረግኳት። እንግዳ ወደ ተራራ የሚያወጡ በቅሎ ነጂዎችን ለምኜ ፍግ በጆንያ ተሸከምኩ። ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ተከልኩ፤ ክረምቱ ወጥቶ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ እህልና ድንች ባጠብኩበት ውኃ አጠጣሁ።

ነሐሴ ላይ የመጀመሪያውን ጎመን ቆረጥኩ። አድቅቄ ከትፌ፣ ከድንችና ከእንቁላል ጋር አላቁጬ ለሲሲ አጎረስኳት። አፏን ከፍታ ጨምሪ አለችኝ። በመስከረም መጨረሻ ጥብጣቡ አረንጓዴው ላይ ቆመ፤ ሲስተር ስንዱም የልጄን ክንድ ሳመችው። ለስሜነህ ስልክ ደውዬ ስነግረው «እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

፪ኛ፤ ስለ እርስዎ አመጣጥ። ጥቅምት ላይ አካፋና ዶማ የያዙ አራት ሠራተኞችን አስከትለው ወደ አጥሬ ስለ መጡልኝ ያለኝን ምስጋና በቃላት መግለጽ ያዳግተኛል፤ አራት ዓመት ሙሉ ቦዩ እንዲጠረግ ስንለምን ያላየናቸው አካፋዎች መኖራቸውን ያወቅነው ያን ቀን ነውና። «ይቺ ሴትዮ ከተማ መሆናችንን አልሰማችም እንዴ?» ብለው ለሠራተኞችዎ ሲናገሩ አጥሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ሰምቻለሁ። ሲሲን እንዳቀፍኩ ወጣሁ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩዎ።

«እንግዶች ይመጣሉ። በየመንገዱ ዳር አበባ እንዲተከል ተወስኗል። ጎመን ከተማ አያስውብም» አሉኝ።

«አሥር ቀን ብቻ ይታገሱኝ። ካሮቱ አልደረሰም፤ ጎመኑንም ቆርጬ ልጨርስ።»

«እንግዳ አንቺን አሥር ቀን አይጠብቅም።»

«ልጄ ታማ ነበር፤ የምትበላው ይህን ነው» ብዬ ክንዷን አሳየሁዎ። ሸፍኜው የሄድኩትን ክንድ ለእርስዎ ገልጬ ማሳየቴን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም። እርስዎም አዩትና «እንደ ማንኛውም ሰው ከገበያ ገዝተሽ አብያት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ምክር ከዚያ በፊት ማንም ለግሶኝ አያውቅም፤ እኔ ሞኟ ጎመን በገበያ እንደሚሸጥ ሳላውቅ ኖሬያለሁ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆመው ስላዩት አላረዝመውም። ካሮቱ የሕፃን ጣት የሚያህል ነበር። ከነአፈሩ በጋሪ ተጭኖ ሄደ፤ ከመስኩ ዳር ተደፍቶ ላሞች ሲበሉት ምስክር ከትምህርት ቤት ስትመለስ አይታ ነገረችኝ። ከሠራተኞችዎ አንዱ ግን፣ እርስዎ ፊትዎን ባዞሩበት ሰዓት፣ አንገቱን ደፍቶ አንድ እቅፍ ጎመን ከደጃፌ ላይ አስቀምጦልኝ ሄዷል። ስሙን እንድነግርዎ አይጠይቁኝ፤ አልነግርዎትም።

አበባዎቹ ተተከሉ። ቆንጆዎች እንደነበሩ አልክድም። እንግዶቹም መጡ፤ መኪናቸው በአስፋልቱ በኩል አልፎ ወደ ፓርኩ ወጣ፤ የእኛን መንገድ በመስኮት እንኳ አላዩትም። የኅዳር ውርጭ አበባዎቹን በሁለት ሌሊት አጠቆራቸው። ውርጭ እዚህ አገር ኅዳር ላይ እንደሚወርድ ለኮሚቴው የሚነግረው ባለሙያ አልተገኘም መሰለኝ፤ ደባርቅ የተወለደ ማንኛውም ሕፃን ግን በነጻ ይነግራችሁ ነበር።

በዚያው በኅዳር ሲሲን እንደገና አስለካኋት። ቢጫ። ሁሉን ነገር በእርስዎ ማሳበብ ነውር ስለሆነ እውነቱን እጽፋለሁ፤ በመካከሉ ለስድስት ቀን ተቅማጥ ይዟት ነበር። ነገር ግን ልጅ ከበሽታ የሚያገግመው በምግብ ነው፤ እኔም የማገገሚያዋን ምግብ በጋሪ ሲሄድ አይቻለሁ። ያን ሳምንት ባለቤቴ ከዳባት መጥቶ ልጁን ታቅፎ አጥሩ ሥር ቆሞ ቆየ። «ልሂድና ልናገረው?» አለኝ። «ሄደህ ብትታሰር ደመወዛችንም ይቀራል» ብዬ አስቀረሁት። ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ኩርምት አለ፤ ባሌ እንዲያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

፫ኛ፤ ስለ ፎቶግራፉ። ይህን ለብቻው የጻፍኩት ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት እሱን ስለሆነ ነው። ታኅሣሥ ላይ በአዳራሹ የነዋሪዎች ስብሰባ ጠርተው የኮሚቴውን ሪፖርት በግድግዳው ላይ ሲያሳዩን፣ የጠቆረውን አበባ እናያለን ብለን ስንጠብቅ የታየን ግን ሳላውቅ፣ ሳይነቀል በፊት ፎቶ የተነሳው የእኔ ጎመን ነው። ከሥሩ «በኮሚቴው ጥብቅ ክትትል በየአጥሩ ሥር የለማ አትክልት» የሚል ተጽፎበታል። በፎቶው ጠርዝ ላይ ሲሲ የሹራብ ቆቧን አድርጋ አፈር ላይ ተቀምጣለች። ሰዉ አጨበጨበ፤ ለእርስዎም የምስክር ወረቀት ተሰጠዎት።

በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ተነሳሁ። «ያ ጎመን የእኔ ነው። ያቺም ልጄ ናት። ጎመኑን እርስዎ ነቅለውታል» አልኩ። እርስዎም ወረቀቱን እንደያዙ፣ ፊትዎ ሳይለወጥ፣ «ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» አሉ። ከኋላ በኩል እማማ ሸጊቱ ከሰባ ዓመታቸው ጋር ብድግ ብለው «እኔ መጻፍ አልችልም፤ ማየት ግን እችላለሁ። ሲነቅሉት ቆሜ አይቻለሁ» አሉ። ስብሰባው ሰዓት አልቋል ተብሎ ተዘጋ።

ይኸው በጽሑፍ አቀረብኩ። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ይዤው መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ መስክ ላይ ነዎት ስለ ተባልኩ፣ አንዱን ቅጂ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ባለቤቱ ፈቅደዋል። እህል ለማስፈጨት ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚያነበው ነገር ይፈልጋል ብለዋል።

፬ኛ፤ ብዬ ስለ ቦዩ ልጽፍ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ይልቅ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ተሳስተው ሊያወጡት ይችላሉ።

ከዚያ ስብሰባ ስንወጣ እማማ ሸጊቱ እጄን ይዘው «ነይ» ብለው ወደ ጓሯቸው ወሰዱኝ። ከቤታቸው ጀርባ ልጆቻቸው ከሄዱ ወዲህ ያልታረሰ መሬት ነበር። «እኔ ብቻዬን አልችለውም፤ አንቺም ብቻሽን ስትችይው አይተናል፤ እነሱ ግን አልተዉሽም። በግቢዬ ውስጥ ግን ማን ይገባል?» አሉኝ። ከእሳቸው ሌላ ስድስት እናቶች ሆንን። ሁላችንም የሚጠቡ ወይም ገና የሚድሁ ልጆች አሉን። መሬቱን ቆፈርን፤ መሬቱ ስላልበቃንም በአሮጌ ጆንያ አፈር ሞልተን በግድግዳው ጥግ ደረደርን። ማታ ማታ ውርጩ እንዳይነካው ጭድና አሮጌ አንሶላ እናለብሰዋለን፤ ጠዋት እንገልጠዋለን። ስሜነህ ቅዳሜ ሲመጣ ውኃ የመቅዳቱ ተራ የእሱ ነው። እንቁላሉም በዝቷል፤ ዶሮዎቻችንን አንድ ላይ አድርገናል። ድረስ አሁን ቀኑን አይጠይቅም።

ባለፈው ሰኞ፣ መጋቢት ሦስት፣ ሲስተር ስንዱ ሲሲን ለካቻት። አረንጓዴ። እንዲያውም ጥብጣቡን ስትጠመጥምባት እጇን መንጭቃ ነጠቀቻት። «ጉልበት አውጥታለች» አለችኝ። ይህን የጻፍኩት ደስታዬን ላካፍልዎ ሳይሆን፣ በዚህ ውስጥ ኮሚቴው ያደረገው አስተዋጽኦ ምንም እንደሌለ ወፍጮ ቤት የሚመጣ ሁሉ እንዲያውቅልኝ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት በአጭሩ እጠይቃለሁ፤ የልጄ ምስል ከሪፖርትዎ ይውጣ፤ ከጎመኑ ሥር የተጻፈው ይሰረዝ፤ ለሰፈሩ ሰውም ጎመኑን ማን እንደ ተከለውና ማን እንደ ነቀለው በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይነገር። ይቅርታ አልጠየቅኩም። ከእርስዎ ይቅርታ ቢመጣ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም፤ ቤቴ ጠባብ ነው።

ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ በትሕትና እጅ በመንሳት፣ አጎንብሼ አፈር ከምቆፍርበት ሥራዬ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀና ብዬ የጻፍኩልዎ፣

የሲሲ፣ የድረስና የምስክር እናት
ውቢት ገዱ

ማስታወሻ፤ ከራሳችን የተረፈውን አትክልት ቅዳሜ ጠዋት በእማማ ሸጊቱ በር ላይ እንሸጣለን። ባለቤትዎ ወይዘሮ ዝናሽ ሦስት ሳምንት ተከታትለው መጥተዋል። እርስዎ ለጾሙ ከሌላ ቦታ የተገዛ ጎመን አልቀምስም ብለው እንዳስቸገሯቸው በሳቅ ነግረውናል። ጨዋ ሴት ስለሆኑ ሁልጊዜ አንድ እስር እንመርቅላቸዋለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራስዎ ለመምጣት ከፈለጉ ግን ሰልፍ መኖሩን አስቀድመን እናሳውቃለን፤ ሕፃን የያዘች እናት ትቀድማለች፤ ሰብሳቢ ከኋላ ይቆማል።