ከቅጽሩ የጠራሁት ሰው

ውድ ወንድሜ ይሻው፣

ደብዳቤ ሲጀመር ደህና ነኝ ይባላል። እኔ ደህና አይደለሁም፤ አንተም ማረሚያ ቤት ሆነህ ደህና ነኝ ብትለኝ አላምንህም። ስለዚህ ሰላምታውን እንተወው። ደሳለኝ አንተን ጠይቆ ሲመለስ በቀጥታ ልብስ ወደምሰፋበት ቤት መጣና መልእክትህን ነገረኝ። «ውባንተ በራሱ ፈቃድ ወጣ በይ፣ ማንም አልጠራውም በይ። የገደልኩትም መጽሐፉ በፈቀደልኝ መንገድ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም» ብለሃል። ነገ ዐቃቤ ሕጉ አቁሞ ሲጠይቀኝ ይህንን እንድል ነው የምትፈልገው። መልሴን በደሳለኝ አፍ ልልክልህ አልፈለግኩም። ደግ ሰው ስለሆነ ሲያደርስ ያለዝበዋል።

ወንድማችን አንዷለም ሲሞት እኔ ከጅዳ ተመልሼ ደብረ ታቦር ገና መልመዴ ነበር። ለአጎታችን ለወርቁ ቤት ባሕር ዛፍ ልትቆርጡ በወንፈል ወጥታችሁ ነበር፤ አንተም፣ አንዷለምም፣ ጓደኛው ውባንተም ነበራችሁበት። ውባንተ ምሳሩን ሲያነሳ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ የታላቅ ወንድማችንን አንገት መታው። ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። ውባንተ በገዛ ጋቢው ደሙን ለማቆም ሲታገል፣ እምቢ ሲለው «ምነው እኔን ባደረገው» እያለ መሬቱን ሲደበድብ ያየኸው አንተ ነህ። እሱና አንዷለም ያንዱ በሬ ሲሞት በሌላው በሬ የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። በመካከላቸው ጠብ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የምንሰማው እኛ ነበርን።

ያን ቀን ውባንተ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሚካኤል ሄዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ገባና ተማጸነ። እዚያ በገባ ሰው ላይ እጅ እንደማይነሳ በአገራችን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ሽማግሌዎች ሲቀመጡ መሪጌታ እሸቴ መጽሐፉን ይዘው መጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ሆኜ እሰማ ነበር። ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር የገባ ሰው፣ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድልበት ሞት አይገባውም፣ ወደ መማጸኛው ከተማ ይሽሽ የሚለውን አነበቡልን። አንዱ ሽማግሌ «ይቺ የእኛዋ ነገር ናት እኮ» አለ። ቀጥለውም ጠልቶ የገፋውን፣ ሸምቆ የጠበቀውን ሰው አነበቡ። እሱ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ የትም ቢሸሽ መጠጊያ የለውም። «እዚህም ሬሳ አለ፣ እዚያም ሬሳ አለ» አሉ መሪጌታ። «እግዚአብሔር ልዩነቱን የሚያየው ገዳዩ አስቀድሞ በልቡ በያዘው ነገር ነው።» ከዚያ ክፍሉን እስከ መጨረሻው አነበቡት። የተማጸነው ሰው ከከተማው ወሰን ቢወጣና ደም መላሹ ውጭ አግኝቶ ቢገድለው የደም ዕዳ የለበትም ይላል። አንተ እስከዚያ ድረስ አቀርቅረህ ነበር። እዚህ ላይ ሲደርሱ ቀና አልክ። እኔ ሞኟ ልብህ የተነካ መሰለኝ።

ከዚያ ሁሉ ንባብ የያዝካት ያቺኑ አንዲት መስመር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መሪጌታ ሰው ሊያድኑበት ያነበቡትን አንተ ሰው የሚገደልበትን ቀዳዳ ስትፈልግበት ዋልክ።

ሽማግሌዎቹ ውባንተ እስከ ሙት ዓመቱ ከቅጽሩ እንዳይወጣ፣ ከዚያ በኋላ ደሙ እንዲደርቅ ወሰኑ። አንተም እሺ አልክ። እናታችን ግን በየለቅሶው «ወንድ ልጅ የቀረኝ መስሎኝ» እያለች ሙሾ ታወርድ ነበር። ጠላ ቤት ስትገባም ደመኛህ እደጅህ ሥር ጸበል እየጠጣ ነው ይሉህ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለወንድ ልጅ አንገት ያስደፋል፤ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ምን እንደምሆን አላውቅም። ለዚህ አልፈርድብህም።

የምፈርድብህ ለሌላው ነው። ሙት ዓመቱ ሳይሞላ፣ ተዝካሩ ሲደርስ መጥተህ «እታለም፣ እኔስ በቃኝ። ሂጂና ውባንተን ጥሪው፣ ካንቺ አፍ ከሰማ ያምናል። መጥቶ ከእኛ ጋር እህል ይቅመስ» አልከኝ። አቅፌህ አለቀስኩ። አረብ አገር በሰው ቤት ስንከራተት እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ዳገቱን እየሮጥኩ ነው የወጣሁት።

ውባንተ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ስነግረው መጥረቢያውን አስቀምጦ «ይሻው ራሱ ነው ያለሽ?» አለኝ። «ራሱ ነው» አልኩት። «እናትሽስ?» አለኝ። «እሷም እያደር ትለምዳለች» አልኩት። እግሩን ታጠበ፣ የመሪጌታን መስቀል ተሳለመ። ከዚያ ድንጋይ መርጦ አንገቱ ላይ አደረገ፣ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው። «ይከብድሃል፣ ቤት ስንደርስ ትሸከመዋለህ» ብለው «ተይኝ፣ ሰው ሁሉ ይየኝ» አለ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አጎንብሶ ከፊት ከፊቴ ሄደ። ወንዙ መሻገሪያ ላይ ስንደርስ የአባታችንን ምንሽር ይዘህ ከቁጥቋጦው ወጣህ። እሱ ድንጋዩ ስለከበደው ቀና ብሎ እንኳ አላየህም። ተኮስክ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ «ከቅጽሩ ወጥቷል» አልከኝ፣ እንደሚያስረዳ ሰው። ቀጥለህ ፎከርክ። እኔ ሬሳው አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

ወንድማችንን የገደለው ውባንተ ነው፤ አልክድም። ገድሎታል፣ ነፍሰ ገዳይ ግን አልነበረም። አንተ ደግሞ ከወሰኑ ውጭ አገኘሁት ትላለህ። አገኘሁት አይባልም፣ አስጠራኸው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሏል ይህን ነው። ለዳኛ ልትለው ትችላለህ፤ ለእኔ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

መሪጌታን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ታመው ተኝተዋል፣ ማስተማሩንም ትተውታል። «ባልንጀራውን በተንኮል የገደለውን ከመሠዊያዬ እንኳ አውጥተህ ውሰደው ይላል» አሉኝ። «ያን ቀን እሱንም ማንበብ ነበረብኝ። ሰዉ ደክሞት ነበርና ተውኩት።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እናታችን ትናንት መጥታ ነበር። በእግሯ ነው የመጣችው። ደንበኞቼ እያዩ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። «አንዱን ምሳር ወሰደብኝ። ይሄን ደግሞ አንቺ ልትወስጂብኝ ነው?» አለችኝ። ጠበቃው፣ ውባንተ ተጠርቶ እንደመጣ ከታወቀ ሞትም ሊፈረድ እንደሚችል ነግሯታል። ባነሳት እምቢ አለች። እሺ እንደማልላት ስታውቅ «የጠባሽው ጡት ይፋረድሽ» ብላኝ ወጣች። ደብረ ታቦር ገበያ መሃል ነጠላዋ ከኋላዋ እየተጎተተ ስትሄድ አየኋት፤ ሮጬ ላነሳላት ፈልጌ ነበር፣ አላነሳሁላትም።

የውባንተ እናት እትዬ ወርቅዬም በለቅሶው መሃል አንድ ጊዜ ብቻ አናግረውኛል። አልተሳደቡም፣ አልረገሙኝም። «ልጄ ከዚያ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ማን ጠራው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልመለስኩላቸውም።

እውነቱን ብናገር ሰላም ይወርዳል ብዬ እንዳይመስልህ። የውባንተ ወንድም ሙላቴ ጠጉሩን አልላጭም ብሎ ከማለ ቆይቷል። ፍርድ ቤት የፈረደው የእኔን ደም አያደርቅልኝም ይላል። ብትፈታ ይጠብቅሃል፣ ብትታሰርም እስክትወጣ ይጠብቅሃል። አንዳንዴ እስር ቤት ብትቀር ይሻልሃል እያልኩ ራሴን ላታልል ይቃጣኛል። ግን የምናገረው ለዚያ አይደለም። ላንተ ብዬ ነው ብልህ ውሸቴን ነው።

ውባንተን የጠራሁት ሳላውቅ ነው። በመጽሐፉ ከሆነ የእኔ ኃጢአት እንደ እሱ ነው፤ ሰው ገደልኩ፣ በልቤ ግን ክፉ አልነበረም። ለእሱስ ሚካኤል ነበረለት። እኔ የምገባበት ቅጽር የለኝም። ነገ የማደርገውን ደግሞ እያወቅኩ ነው የማደርገው። አስቤበታለሁ፣ ምን እንደሚያመጣም አውቃለሁ። እጠላህ ይሆን ብዬ ልቤን መረመርኩት። አልጠላህም ይሻው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ ነህ። ታዲያ ሳይጠሉ፣ እያወቁ፣ ወንድምን ለሞት አሳልፎ መስጠት ምን እንደሚባል መሪጌታን ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ ፈራሁ።

እኔ ጠራሁት፣ የላከኝ ወንድሜ ነው እላለሁ። ከዚህ የሚበልጥም የሚያንስም አልናገርም። ከዚያ ወዲያ እናታችን ቤት የምገባ አይመስለኝም። ስንቅህን እሷ ታመጣልሃለች።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ነገ ስገባ ወደ እኔ አትይ። ዓይንህን ካየሁት እታለም ያልከኝ ይመስለኛል፣ ያን ጊዜ መናገር አልችልም።

እህትህ ዓለሚቱ