ሳይዳበስ የተዘጋው ሶፋ

ለውድ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ግድግዳውን ያዢ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያዢ። ትንሿስ? የወለቀው ጥርሷ በቀለ? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ። ጣቴ በመርፌ ተበሳስቷል እንጂ ሌላው አካሌ ሙሉ ነው።

አደራሽን፣ መነጽርሽን አድርጊና ይህን ብቻሽን አንብቢው። እንደ ወትሮው «ነይ አንብቢልኝ» ብለሽ እሷን እንዳትጠሪያት። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩን የምትይዘው እሷ፣ ድምፁን የምታጮኸው እሷ፤ አንቺ ገና «ሄሎ» ሳትይ እሷ ወሬውን ጨርሳዋለች።

ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። አክስቴ ልጅቷን ወደምትኖርበት አገር ወስዳ እንደ ልጇ ላሳድጋት ማለቷን፣ ወረቀቱም ወሩ ሳያልቅ መፈረም እንዳለበት አነበብኩ። «እስኪ ሐሳብሽን ጻፊልኝ» ብለሻል። ለትንሿ ልጅሽ ጉዳይ ታላቋን ማስፈቀድሽን ጎረቤት ቢሰማ በሳቀብሽ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ቅዳሜና እሑድን ሳብሰለስል ቆይቼ «እንደወደድሽ አድርጊ፣ ለእሷ የሚሻላት እሱ ነው» ብዬ ጻፍኩልሽ። ፖስታውን አሽጌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

እሱ ደብዳቤ ያልደረሰሽ በአንዲት ድመት ምክንያት ነው። እንዳትስቂ።

የምሠራበትን ቤት ነግሬሻለሁ፤ ያረጀ ሶፋ ገፍፈን እንደገና የምናለብስበት። ሦስት ነን፤ አለቃችን ጋሼ፣ እኔ እና «ቀስ በቀስ» የምንለው አናጢ። አንድ የሶፋ እግር ለመምታት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ስንናደድበት እንቁላልም በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው ይለናል እንጂ አያፍርም። የጋሼ ሕግ አንዲት ናት፤ የሶፋው ሥር በጨርቅ ከመዘጋቱ በፊት እጅ ገብቶ ውስጡ ይዳበሳል። የሰው ሶፋ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለማ! ማበጠሪያው፣ ማንኪያው፣ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝተናል። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ይህን ሕግ ረስቼው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ረሳሁት። ሶፋው የአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነው፤ ሥሩ ተቀዶ ከሳምንት በላይ ጥግ ላይ ቆሟል። ሐሳቤ ኪሴ ውስጥ ያለው ፖስታ ላይ ነበር። ጨርቁን ወጠርኩ፣ ዙሪያውን በሚስማር መታሁ፣ ገልብጬ አቆምኩት፣ አለቀ።

ረፋዱ ላይ ድመቷ መጣች። አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ፣ የማንም ያልሆነች፣ መንገዱን ሁሉ ስታካልል የምትውል ድመት ናት። በራችን ላይ ቆማ ጮኸች። ዳቦዬን ቆርሼ ወረወርኩላት፤ አሸተተችና ተወችው። ወተት በክዳን ቀዳሁላት፤ ዞር ብላም አላየችው። ይቺ ደግሞ ጠግባ ነው የምትጮኸው አልኩ። ቀስ በቀስ ባል አምሯት ነው አለ። እሷ ሾልካ ገብታ የአስተማሪዋን ሶፋ ትቧጭር ጀመር። አዲስ ጨርቅ እኮ ነው እማዬ! ጋሼ አስወጧት ብለው ጮኹ፤ እኔም በመጥረጊያ መታኋት። ወጥታ ተመለሰች። ደግሜ መታኋት። ማሽኑ ይጮኻል፣ መዶሻው ይጮኻል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፤ ሌላ ድምፅ የሰማ ሰው የለም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ዋልንና ስንወጣ በሩን ቆለፍንባት።

ማክሰኞ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተኝታ አገኘናት። ሶፋውን መኪና ላይ ልንጭን ስናወጣው ዘላ ወጣችበት፤ ብናስፈራራት፣ ብንገፋት ወይ ፍንክች! ላወርዳት ሆዷን ከሥር ያዝኩ። እጄ ራሰ። አየሁት፤ ወተት ነው። ጡቶቿ ሊፈነዱ ደርሰዋል።

እማዬ፣ ሶፋውን ሳልዳብሰው ዘግቼው ነበር! መቀሴን አንስቼ የሶፋውን ሥር ተረተርኩት። ጋሼ አበደች ይላሉ፣ ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ እዳብሳለሁ። የክንድ መደገፊያው ውስጥ፣ ጥጡ መሃል አገኘኋቸው። ሦስት ናቸው፤ ዓይናቸው እንኳ አልተከፈተም። ሁለቱ ተንቀሳቀሱ። ሦስተኛዋ ቀዝቅዛለች። እናትየዋ ሁለቱን በየተራ በአፏ አንጠልጥላ እንጨት ክምሩ ሥር ወሰደቻቸው። ከዚያ ለሦስተኛዋም ተመለሰች። ያቺንም ይዛት ሄደች። ቀስ በቀስ እንኳ ያን ቀን ቀልድ አልወጣው አለ።

በኋላ በምን እንዳወቅኩ ጠየቀኝ። ጡት ሞልቶ የሚጠባው ሲጠፋ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ልብሱን ሁሉ እንዴት እንደሚያበሰብስ ነገርኩት። ያልወለደች ሴት ይህን ከየት አመጣችው ብሎ አፈጠጠብኝ። እናቴ ነግራኝ ነው አልኩት። አንቺ ነግረሽኝ አታውቂም።

ከዚያ ወዲያ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ያቺን ድመት ዳቦ ሰጠኋት፣ ወተት ሰጠኋት፣ መጥረጊያም አቀመስኳት፤ ምን ጠፋብሽ ያላት ግን የለም። ባለፈው በስልክ ትንሿ «እትዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ስትለኝ ምን እንደመለስኩላት ታስታውሻለሽ? ጫማው ልክሽ ሆነ ወይ አልኳት። ሆነልኝ አለች። ከጫማው በፊት ቦርሳ ነበር፣ ከቦርሳው በፊት ቀሚስ። ስምንት ዓመት ሙሉ ዳቦ ስወረውርላት ኖሬያለሁ፣ እማዬ።

ፖስታውን ቀደድኩት። አትፈርሚ። አክስቴ ክፋት የላትም፤ የልጅ ናፍቆት ነው፣ እሱን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አመስግኚልኝ፣ ግን አትፈርሚ። ሸክም ይሆንብሻል እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ያኔም ብለሽኝ ነበር። ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እሺ አልኩ። አሁን ለላም ቀንዷ አይከብዳትም እልሻለሁ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ግን ታስተኛለች። ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ልጆቹ ሲለቀቁ ደወሉ እኛ ድረስ ይሰማል፤ በተደወለ ቁጥር መርፌዬን አቁሜ በሩን አያለሁ። ማን ይመጣል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

አልወቅስሽም። የሰው አፍ እንዳይበላኝ፣ ትምህርቴም እንዳይቀር ብለሽ ነው። ጋሼ ስፌት የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ ቤት ነው እላቸዋለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ያቺ ትንሽ ትራስ እንደሆነች አልነግራቸውም። እኔ ጓዳ ተደብቄ በየወሩ እየፈታሁ ጥጥ የምጨምርባት፣ አንቺ ከቀሚስሽ ሥር ሆድሽ ላይ አስረሻት ገበያ የምትወጪባት። አባቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት እንዴት ይቅለሰለስ ነበር! ስፌቱስ ቢሆን ምን ይወጣለታል? ይኸው እስከ ዛሬ ማንም አልተረተረው። ሳጥንሽ ሥር እንዳለች አውቃለሁ፤ እንዳትጥያት። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ። መቀሴን ይዤ ነው የምመጣው።

ለትንሿ ከዚህ ጋር አንዲት ወረቀት ልኬያለሁ፤ ስለ ድመቷና ስለ ሁለቱ ልጆቿ ነው፣ እሷን ስጫት ታንብበው። ከታች እንደ ለመድኩት «ታላቅ እህትሽ» ብዬ ልፈርም ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ሳልፈርም ተውኩት። ማን ነው የጻፈው ካለችሽ፣ ቅዳሜ መጥታ ራሷ ትነግርሻለች በያት።

እስከዚያው ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቅያሜን ከመካከላችን ያርቅልን። ሁለታችሁንም አገላብጬ ስሜያለሁ።

ያለችሽ አንዲት ልጅ