የካፒቴን ሣህሉ እሱባለው ሕይወትና የሰቃው በረራ

ካፒቴን ሣህሉ ከአባታቸው ከአቶ እሱባለው ወንድይራድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጣይቱ ገብረ ሕይወት በ1926 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጅሩ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በደብር ሲሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አዲስ አበባ አጠናቀው በአብራሪነት ሠለጠኑ። በ1964 ዓ.ም. የቡና በሽታ መድኃኒት በአውሮፕላን ለሚረጭ ድርጅት ተቀጥረው ጅማ ገቡ። በዓመቱ የዚያው የጅማ ቦሳ ኪቶዋን ወይዘሮ ወርቂቱ ፈይሳን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው እኔን ዓለምብርሃንንና ወንድሜን ዘለቀን ወልደዋል።

ከርጭት ሥራቸው ጎን ለጎን፣ ለራሳቸው ማብረር የሚሹ ነጋዴዎችንና የኮሌጅ መምህራንን ፊትና ኋላ ሁለት መቀመጫና ሁለት መሪ ባላት ትንሽ አውሮፕላን ያሠለጥኑ ነበር። ሌሎች አስተማሪዎች የሚሸሹትን ትምህርት እሳቸው አይዘሉትም። ትንሽ አውሮፕላን አፍንጫዋ ሽቅብ ቀርቶ ፍጥነቷ ሲያልቅ ክንፏ መሸከም ያቅተዋል፤ ያኔ በአንድ ጎኗ ተደፍታ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረች ትወርዳለች። አብራሪዎች ስፒን ይሉታል። መሬት ፊቱ ላይ ሲዞርበት መሪውን ወደ ደረቱ የማይስብ ሰው የለም፤ የሚገድለውም እሱው ነው።

«ከምትዞርበት በተቃራኒ ያለውን መርገጫ እስከ ጥግ ርገጥ፤ መሪውን ወደ ፊት ግፋ» ይሏቸው ነበር። «ወደምትፈራው ግፋው፤ ያን ጊዜ ትወጣለህ።»

የቡና ነጋዴው አቶ ሸኩር አንድ ቀን በስፒን መካከል መሪውን ጨምድደው አልለቅም አሉ። ሲጮኹባቸው አልሰማ ስላሉ አባታችን ከኋላ መቀመጫ ተንጠራርተው ትከሻቸውን እስኪደማ ነከሷቸው። አቶ ሸኩር ያን ጊዜ ለቀቁ። «ወላሂ፣ ያተረፈኝ የካፒቴን ጥርስ ነው» እያሉ ጠባሳውን ለሰው ሁሉ ያሳዩ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. አውሮፕላኗ ተወረሰች፤ እሳቸውም ከነሙያቸው የመንግሥት ሆኑ። በየካቲት 1970 ዓ.ም. ከፈለ የተባለ ካድሬ ጠመንጃ ይዞ የአውሮፕላን ሜዳው ላይ መጣ። ጅማ አጠገብ ካለችው ከሰቃ በላይ ባለው የቡና ደን ወጣቶች ተደብቀዋል አለ።

«አንተ ዝቅ ብለህ ብረር፤ እኔ ከላይ እለቅማቸዋለሁ።»

«ይህች የማስተማሪያ አውሮፕላን ናት፣ ጓድ» አሉት።

«ሚስትህ ቦሳ ኪቶ እንዳለች እናውቃለን» አላቸው። ተነሡ።

ከደኑ በላይ ሲደርሱ አምስት ወጣቶች ከዛፎቹ ወጥተው ረግረጉን ለማቋረጥ ሲሮጡ ታዩ። ከፈለ ከኋላ መስኮቱን ከፍቶ ተኮሰ። አንዲት ልጅ ውኃው ውስጥ በፊቷ ተደፋች። አባታችን ያን ሲያዩ «አዙሬ ላምጣልህ» ብለው ሽቅብ ወጡ። ከፍታ ሲበቃቸው ሞተሩን ቀንሰው አፍንጫዋን አነሡ፤ መርገጫውን በአንድ ወገን ረግጠው አውሮፕላኗን ስፒን ውስጥ ከተቷት።

ከፈለ ጮኸ፣ አስታወከ። ጠመንጃው ከእጁ አምልጦ በኋለኛው መሪና በፊተኛው መቀመጫ ጀርባ መካከል ተሰነቀረ። ሁለቱ መሪዎች የተያያዙ ስለሆኑ የአባታችንም ወደ ፊት አልገፋ አለ። ቀበቷቸውን ፈተው ዞሩና አፈሙዙን ያዙ፤ ሲጎትቱት ባረቀ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ሄዱ። ጠመንጃውን ነቅለው ተቃራኒውን መርገጫ ረገጡ፤ መሪውን በክንዳቸው ገፉት። አውሮፕላኗ መዞሯን ያቆመችው ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጎማዎቿን ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጣላቸው፣ በሆዷ የሰቃ ግጦሽ ላይ ተፈጠፈጠች።

ከፈለ መንጋጋው ተሰብሮ በቀበቶው ተንጠልጥሎ ነበር። ቤንዚን ይንጠባጠባል። አባቦራ የተባሉ ገበሬ ሮጠው ደረሱ፤ ማን እንደሆነ ሲያዩ «ዲሲ! ተወው፣ ይቃጠል!» አሉ። አባታችን ግን «ሰው ነው፤ እግሩን ያዝልኝ» ብለው በደማ እጃቸው ጎትተው አወጡት። ገና ከመራቃቸው አውሮፕላኗ ነደደች።

በማግሥቱ ታሰሩ። «አውቀህ ነው?» እያሉ ውስጥ እግራቸውን በሽቦ ገረፏቸው፤ የግራ ጆሯቸውን በጥፊ አደነቆሩት። «ሞተሩ ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከፈለ መንጋጋው ታስሮ ለምስክርነት ሲቀርብ እሱም «ሞተሩ ነው» አለ። ሳያውቅ ይሁን አውቆ አባታችንም አላወቁም፤ ከመረሸን ያዳናቸው ግን ያ ቃል ነው። ከአምስቱ ወጣቶች ልጅቷ እዚያው ረግረግ ውስጥ ሞታለች፤ ሁለቱን የምድር ጦር በዚያው ቀን ገድሏቸዋል። ሁለቱ አመለጡ።

በ1973 ዓ.ም. ከእስር ወጡ። ማብረር ስለተከለከሉ በጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር መኪና መንዳት እያስተማሩ ቤታቸውን አስተዳደሩ። ቁጡ ሰው ነበሩ፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጡ ነበር። እናታችን ሁሉን ችላ ኖራለች።

ከድብደባው የተረፈው የኩላሊት ሕመም ባለፈው ዓመት ጠናባቸው። ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ ያን ቀን አውቀው እንዳደረጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን። «ስጀምረው ሁለታችንም እንሙት ብዬ ነበር» አሉ። «ለመውጣት አላሰብኩም። መሬቱ እየቀረበ ሲመጣ ግን መኖር አማረኝ። ጀግና አትበሉኝ፤ ቤቴ መግባት ፈልጌ ነው።»

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 1984 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቂቱ፣ እኔና ዘለቀ እንዲሁም በጅሩ ያሉ እኅቶቻቸው በሐዘን ቀርተናል። ወጥተው የቀሩትን ልጆች ሁሉ የሚያውቅ አምላክ የአባታችንን ነፍስ ከእነርሱ ጋር ይቁጠራት፤ ቤቱም ያስገባት። አሜን።